ያልተጻፈውን ሕግ የሻረው የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን

በአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ደጋግመው ከሚነሡ ጨዋታዎች አንዱ የተካሄደው መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማርች 19 ቀን 1966 ነው። በዚያች ቅዳሜ ምሽት በሜሪላንድ ግዛት ኮሌጅ ፓርክ ከተማ በሚገኘው ኮል ፊልድ ሃውስ አዳራሽ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አካባቢ የመጣው የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ ቡድን የዘመኑን ኃያል ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን 72 ለ 65 አሸንፎ የሀገሪቱን ዋንጫ አነሣ። የቴክሳስ ዌስተርን አምስቱም የመጀመሪያ ተሰላፊዎች ጥቁሮች ነበሩ። የኬንታኪ ተጫዋቾች ደግሞ በሙሉ ነጮች ነበሩ። አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በመጀመሪያ አሰላለፍ አስገብቶ የሀገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ከዚያ በፊት አልታየም።

ይህ ጨዋታ በአብዛኛው የሚታወሰው በተጫዋቾቹ የቆዳ ቀለም ነው። የውድድር ዘመኑ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ሲታይ ግን ድሉ የአንድ ምሽት ዕድል እንዳልነበር ይገለጣል። ቡድኑ ካደረጋቸው 29 ጨዋታዎች 28ቱን ያሸነፈው በጠንካራ መከላከልና ተጫዋችን በችሎታው ብቻ በመምረጥ ነው። ከዋንጫው በኋላ የመጣው ታሪክም ሜዳ ላይ ማሸነፍና ከሜዳ ውጭ መከበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማውና ኮሌጁ

ኤል ፓሶ በቴክሳስ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኝ በረሃማ ከተማ ናት። ከሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኋሬዝ የሚለያት የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ብቻ ነው። ኮሌጁ በ1914 የተከፈተው የማዕድን ቁፋሮና የብረታ ብረት ሙያ ለማስተማር ነበር። የስፖርት ቡድኖቹ እስከ ዛሬ «ማዕድን ቆፋሪዎቹ» እየተባሉ የሚጠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1949 ቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ የሚለውን ስም ያዘ። ከድሉ አንድ ዓመት በኋላ በ1967 ደግሞ አሁን የሚታወቅበትን «የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤል ፓሶ» የሚለውን ስያሜ አገኘ።

በዚያ ዘመን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚከለክሉ ሕጎች ነበሩ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በዘር የተከፋፈለ ትምህርት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። ቴክሳስ ዌስተርን በዓመቱ፣ በ1955፣ ለጥቁር ተማሪዎች በሩን ከፈተ። በ1956 ደግሞ ቻርልስ ብራውን የተባለ ጥቁር ተጫዋች በኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተሰለፈ። ከደቡብ ኮሌጆች መካከል ይህን እርምጃ ቀድመው ከወሰዱት ጥቂቶች አንዱ ይኸው ኮሌጅ ነበር። ስለዚህ የ1966ቱ ቡድን የተዘራው ከአሥር ዓመት በፊት በታረሰ መሬት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

አሠልጣኙ

ዶን ሃስኪንስ በ1930 በኦክላሆማ ግዛት ኢኒድ ከተማ ተወለደ። በተጫዋችነት ዘመኑ ያሠለጠነው በ1945 እና በ1946 የሀገሪቱን ዋንጫ በተከታታይ ያነሣው ስመ ጥሩው ሄንሪ አይባ ነበር። አይባ ከማጥቃት አስቀድሞ መከላከልን የሚያስተምር፣ ልምምድ የሚያከብድና ስሕተትን የማያልፍ አሠልጣኝ ነበር። ሃስኪንስም ይህን ትምህርት ይዞ በቴክሳስ ትንንሽ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንዶችንና ሴቶችን ሲያሠለጥን ቆየ።

በ1961 ቴክሳስ ዌስተርን ሲቀጥረው ቤተሰቡን ይዞ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ኖረ። የአሠልጣኝነት ሥራው የተማሪዎቹን ሥርዓት መጠበቅንም ይጨምር ነበር። ኮሌጁ ለስፖርት የመደበው ገንዘብ ትንሽ ነበርና ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሻሟቸውን ተጫዋቾች ለማምጣት አቅም አልነበረውም። ሃስኪንስ ሌሎች ያላዩአቸውን ወይም አይተው ያለፏቸውን ወጣቶች መፈለግ ነበረበት።

ያልተጻፈው ሕግ

በ1960ዎቹ አጋማሽ ጥቁር ተጫዋቾች በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ እንግዳ አልነበሩም። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1955 እና በ1956 ሻምፒዮን ሲሆን ቢል ራስልን ጨምሮ ሦስት ጥቁር ቋሚ ተሰላፊዎች ነበሩት። በ1963 ዋንጫውን የወሰደው የቺካጎው ሎዮላ ደግሞ አራት ጥቁሮችን ያሰልፍ ነበር። ይሁንና የትኛውም የመተዳደሪያ ደንብ ሳይጽፈው ብዙ አሠልጣኞች የሚያከብሩት ልማድ ነበር። ጥቁር ተጫዋች በሜዳ ላይ ከተወሰነ ቁጥር በላይ መሆን የለበትም ይባላል። ቁጥሩ በሀገር ሜዳ ላይ ሲያንስ፣ ከሜዳ ውጭ ወይም ቡድኑ ሲሸነፍ ከፍ እንደሚል በአሠልጣኞች ዘንድ እንደ ቀልድ ይነገር ነበር።

ከዚህ ልማድ ጀርባ የነበረው እምነት ከቀልድ የከፋ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ፈጣኖችና ዘላዮች ቢሆኑም ጨዋታን ማሰብ፣ መረጋጋትና ሥርዓት ማክበር ስለማይችሉ ቢያንስ አንድ ነጭ መሪ ያስፈልጋቸዋል የሚል ነበር። ኬንታኪ በሚወዳደርበት የደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች ማኅበር ደግሞ እስከ 1966 ድረስ በዋናው የቅርጫት ኳስ ቡድን የተጫወተ አንድም ጥቁር አልነበረም።

ቡድኑ

በ1965 መገባደጃ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ሃስኪንስ 12 ተጫዋቾች ነበሩት። ሰባቱ ጥቁሮች፣ አራቱ ነጮች ሲሆኑ አንዱ ደግሞ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነበር።

የቡድኑ አእምሮ ቦቢ ጆ ሂል ነበር። ከዲትሮይት አካባቢ የመጣው ይህ ተጫዋች ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ያህል ቢሆንም ኳስ በመንጠቅ ወደር አልነበረውም። ከኢንዲያና ግዛት ጌሪ ከተማ ኦርስተን አርቲስና ሃሪ ፍሉርኖይ መጡ። አርቲስ ከርቀት አነጣጣሪ፣ ፍሉርኖይ ደግሞ ከቅርጫቱ ተመልሶ የሚወድቀውን ኳስ በመሰብሰብ የታወቀ ነበር። የቴክሳስ ተወላጁ ዴቪድ ላቲን ከሂውስተን የተገኘ ግዙፍ ተጫዋች ነው። ዊሊ ዎርስሊ፣ ኔቪል ሼድና ዊሊ ኬገር ከኒው ዮርክ ሲሆኑ፣ ወደዚያ በረሃማ ከተማ እንዲሄዱ መንገዱን ያሳያቸው በብሮንክስ ወጣቶችን ያሠለጥን የነበረው ሂልተን ኋይት ነበር።

ጄሪ አርምስትሮንግ፣ ዲክ ማየርስ፣ ሉዊስ ባውዶይን፣ ቶጎ ሬይሊና ዴቪድ ፓላሲዮ ቀሪዎቹ አምስቱ ናቸው። ከትልልቅ ከተሞች የመጡት ጥቁር ወጣቶችና የደቡብ ምዕራብ ገጠርና ከተማ ልጆች በአንድ ማደሪያ ኖረው፣ በአንድ ሜዳ ላይ ላባቸውን አፍስሰዋል። የሃስኪንስ ልምምድ እጅግ ከባድ እንደነበር ሁሉም በኋላ መስክረዋል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ቅርጫት በመወርወር ሳይሆን እግርን አፍጥኖ ተጋጣሚን በመዝጋት ነበር።

23 ተከታታይ ድል

ውድድሩ ሲጀመር ቴክሳስ ዌስተርንን ለዋንጫ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ቡድኑ ግን ማሸነፍ ጀመረ፤ አላቆመምም። በታኅሣሥ መጨረሻ በኤል ፓሶ በተዘጋጀ ውድድር በወቅቱ ከሀገሪቱ ምርጥ ቡድኖች ተርታ የነበረውን አዮዋን በሰፊ ልዩነት ሲረታ የጋዜጠኞች ዐይን ወደ በረሃዋ ከተማ ዞረ።

ቴክሳስ ዌስተርን የመጀመሪያዎቹን 23 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ሽንፈትን የቀመሰው በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ፣ ማርች 5 ቀን በሲያትል 74 ለ 72 ሲረታ ነው። ጊዜው አስጊ ነበር፤ የሀገር አቀፉ የማጣሪያ ውድድር የሚጀምረው ከሁለት ቀን በኋላ ነበርና። በጋዜጠኞች የደረጃ ሰንጠረዥ ኬንታኪ አንደኛ፣ ዱክ ሁለተኛ፣ ቴክሳስ ዌስተርን ሦስተኛ ሆነው ወደ ውድድሩ ገቡ።

የጥሎ ማለፉ ጉዞ

የዚያን ዘመን ሀገር አቀፍ ውድድር 22 ቡድኖች ብቻ የሚሳተፉበት ሲሆን አንድ ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። ቴክሳስ ዌስተርን በመጀመሪያው ጨዋታ ኦክላሆማ ሲቲን 89 ለ 74 አሸነፈ። ቀጣዩ ተጋጣሚ ሲንሲናቲ ግን በቀላሉ አልተበገረም። ኔቪል ሼድ ከተጋጣሚው ጋር ተጋጭቶ በዳኞች ከሜዳ ተባረረ። መደበኛው 40 ደቂቃ በእኩል ነጥብ ተጠናቀቀና በጭማሪ ሰዓት 78 ለ 76 በሆነ ውጤት ቴክሳስ ዌስተርን ተረፈ።

በማግስቱ ከካንሳስ ጋር የተደረገው ጨዋታ ደግሞ የዋንጫው ዕጣ በአንድ የጫማ ስፋት የተወሰነበት ነው። የመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት ሊያበቃ ሲል የካንሳሱ ጆ ጆ ኋይት ከሜዳው ጠርዝ የወረወረው ኳስ ቅርጫት ውስጥ ገባ። የካንሳስ ደጋፊዎች ድሉን ማክበር ሲጀምሩ ዳኛው የተጫዋቹ እግር መስመሩን ነክቷል ብሎ ነጥቡን ሻረ። ጨዋታው ወደ ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት አመራና ቴክሳስ ዌስተርን 81 ለ 80 አሸነፈ።

በግማሽ ፍጻሜው ዩታ ቀረበ። የዩታው ጄሪ ቻምበርስ ብቻውን 38 ነጥብ አስቆጠረ። ተጫዋቾች በተራ ሊያቆሙት ሞክረው ሲያቅታቸው ሃስኪንስ ጄሪ አርምስትሮንግን አስገባ። ይህ ነጭ ተቀያሪ ተጫዋች ቻምበርስን በመከላከል ለ85 ለ 78ቱ ድል ትልቅ ድርሻ እንዳለው የቡድን ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል። በሌላኛው ግማሽ ፍጻሜ ኬንታኪ ዱክን 83 ለ 79 ረታ።

የፍጻሜው ምሽት

ኬንታኪን የሚያሠለጥነው አዶልፍ ራፕ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አራት የሀገሪቱን ዋንጫዎች ያነሣ ሰው ነበር። ቡድኑ እንደ ቴክሳስ ዌስተርን ሁሉ 27 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ነበር የመጣው። ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ከ1 ሜትር ከ96 የሚበልጥ አልነበረም፤ ፍጥነትና ጥሩ ቅብብል ግን ነበረው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ፓት ራይሊ ሲሆን፣ በኋላ በባለሙያዎች ሊግ ስመ ጥር አሠልጣኝ ሆኗል።

ሃስኪንስ የኬንታኪን ፍጥነት ለመመከት ያልተጠበቀ ውሳኔ ወሰነ። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሼድን አስቀምጦ 1 ሜትር ከ68 ያህል የሆነውን ዎርስሊን በቋሚነት አሰለፈ። በዚህም ኳስ የሚያንቀሳቅሱ ሦስት ፈጣን ተጫዋቾች፣ ሂል፣ አርቲስና ዎርስሊ፣ በአንድ ላይ ሜዳ ገቡ። ከላቲንና ከፍሉርኖይ ጋር አምስት ሆኑ። በዚያ ምሽት ከ12ቱ ተጫዋቾች ሜዳ የረገጡት ሰባቱ ጥቁሮች ብቻ ነበሩ።

በጨዋታው መጀመሪያ ላቲን በራይሊ አናት ላይ ዘሎ ኳሱን በኃይል ወደ ቅርጫቱ ሰነቀረ። ከዚያ በመጀመሪያው አጋማሽ መካከል ላይ እስከ ዛሬ የሚነገርለት ቅጽበት መጣ። ቦቢ ጆ ሂል በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከኬንታኪ ተጫዋቾች እጅ ኳስ ነጥቆ ብቻውን በመሮጥ አስቆጠረ። የኬንታኪ ተጫዋቾች ከዚያ በኋላ ኳስ ይዘው ወደፊት ሲሄዱ እየተጠነቀቁ ሆነ። የመጀመሪያው አጋማሽ 34 ለ 31 ተጠናቀቀ። በሁለተኛው አጋማሽ ኬንታኪ ልዩነቱን ቢያጠብም መምራት ግን አልቻለም።

የጨዋታው ቁጥሮች ስለ ቡድኑ ብዙ ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ በጨዋታ መካከል የሚገባ ኳስ ከየትም ቢወረወር ሁለት ነጥብ፣ ተጋጣሚ ጥፋት ሲሠራ የሚሰጠው ነጻ ውርወራ ደግሞ አንድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። ከሩቅ ለገባ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው ደንብ በሀገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ የተሠራበት ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ኬንታኪ በጨዋታ መካከል 70 ጊዜ ወርውሮ 27ቱን ሲያገባ፣ ቴክሳስ ዌስተርን 49 ጊዜ ወርውሮ 22 አግብቷል። በዚህ ብቻ ቢሆን ኬንታኪ በአሥር ነጥብ ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን ቴክሳስ ዌስተርን ካገኛቸው 34 ነጻ ውርወራዎች 28ቱን አስቆጠረ፤ ኬንታኪ ያገኘው 13 ብቻ ሲሆን 11 አገባ።

ነጻ ውርወራ ማንም ሳይከለክል፣ አዳራሹ ሁሉ እየተመለከተና እየጮኸ፣ ተጫዋቹ ብቻውን ቆሞ የሚወረውረው ነው። ከፍጥነትና ከዝላይ ይልቅ መረጋጋትን ይጠይቃል። ጥቁር ተጫዋቾች ይጎድላቸዋል ይባል የነበረው ነገር መረጋጋት ነበርና፣ ያ እምነት የፈረሰው ዋንጫውን ባስገኘው በዚሁ ቁጥር ነው። ሂል 20፣ ላቲን 16፣ አርቲስ 15፣ ዎርስሊና ኬገር እያንዳንዳቸው 8፣ ሼድ 3፣ ፍሉርኖይ 2 ነጥብ አስቆጥረው 72 ሞላ። የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው የወደቀበት የዩታው ቻምበርስ ነበር።

ከዋንጫው በኋላ

ቡድኑ ወደ ኤል ፓሶ ሲመለስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለው። ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል የመጣው ምላሽ ግን የተደበላለቀ ነበር። ሃስኪንስ የስድብና የጥላቻ ደብዳቤዎች በብዛት ይደርሱት ነበር። ነጮች የላኩለት ጥቁሮችን በማሰለፉ እየወቀሱት ነው፤ አንዳንድ ጥቁሮች ደግሞ ተጫዋቾቹን ለጥቅሙ እንደተገለገለባቸው አድርገው ከሰሱት። እሱ ለዓመታት የሰጠው መልስ አንድ ነበር። ታሪክ ለመሥራት እንዳላሰበና ያሉትን ምርጥ ተጫዋቾች እንዳሰለፈ ይናገር ነበር።

ለውጡ አዝጋሚ ቢሆንም መጣ። ከ1967 መጨረሻ ጀምሮ የቫንደርቢልቱ ፔሪ ዋላስ በደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች ማኅበር ዋና ቡድን ውስጥ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆነ። ራፕ ራሱ በ1969 ቶም ፔይን የተባለውን ጥቁር ተጫዋች አስፈረመ። ዋላስ በየከተማው የደረሰበት ስድብና ዛቻ በሩ የተከፈተው ያለ መሥዋዕትነት እንዳልሆነ ያሳያል።

በኤል ፓሶም ቢሆን ዋንጫው ችግሩን ሁሉ አልፈታም። በ1968 አንድ ታላቅ የስፖርት መጽሔት ባወጣው ተከታታይ ዘገባ ጥቁር አትሌቶች በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚደርስባቸውን በደል በሰፊው ተቸ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ጥቁር ሯጮችና ዘላዮች ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት ውድድር አንወዳደርም ብለው በማመፃቸው የትምህርት ድጎማቸውን አጡ። ከእነርሱ አንዱ ቦብ ቢመን ነበር። ከወራት በኋላ፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ባገኘበት የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰባበረ። ተመልካች የሚያጨበጭብለት አትሌት ቅሬታውን ሲናገር ጆሮ የሚሰጠው እንዳላገኘ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ፊልሙና እውነቱ

በ2006 «ግሎሪ ሮድ» በሚል ርዕስ የወጣው ፊልም የቡድኑን ታሪክ ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቀ። ይሁንና ፊልሙ ሃስኪንስ በመጣበት ዓመት ዋንጫውን እንዳነሣ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ ግን የድሉ ዘመን አምስተኛ ዓመቱ ነበር። ጥቁር ተጫዋቾችም እሱ ከመምጣቱ በፊት በኮሌጁ ነበሩ። በኋላ በአርካንሶ አሠልጣኝነት በ1994 የሀገሪቱን ዋንጫ ያነሣው የኤል ፓሶ ተወላጅ ኖላን ሪቻርድሰን ሃስኪንስ ሲደርስ እዚያው ሲጫወት ያገኘው ነው። ድል በአንድ ክረምት እንደማይበቅል እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙ ይልቅ በግልጽ ያሳያል።

የተጫዋቾቹ ቀሪ ሕይወት

ላቲን በባለሙያዎች ሊግ ተጫውቷል። አርቲስ ወደ ትውልድ ከተማው ጌሪ ተመልሶ በፖሊስነት አገለገለ። ሼድ በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሥራ ላይ ተሰማራ። ሂል በኤል ፓሶ ቀርቶ በተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ ሠራ፤ በ2002 ሕይወቱ አለፈ። ሃስኪንስ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቢፈልጉትም ከኤል ፓሶ አልወጣም። እስከ 1999 ባሠለጠነባቸው ዓመታት 719 ጨዋታዎችን አሸንፎ ጡረታ ወጣ። በ1997 በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባ ሲሆን በ2008 አርፏል። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ በስሙ ተሰይሟል።

የ1966ቱ ቡድን ደግሞ በ2007 በሙሉ በዚሁ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ከቴክሳስ ግዛት የሀገሪቱን ዋና የወንዶች ዋንጫ ያነሣ ሁለተኛ ኮሌጅ፣ ቤይለር፣ የተገኘው በ2021 ነው። በግዛቱ ያሉት በገንዘብና በስም የገዘፉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ለ55 ዓመታት ያላገኙትን ክብር ብቻዋን ይዛ የቆየችው የድንበሯ ከተማ ኤል ፓሶ ነበረች።